ገመናችንን በማን ቋንቋ እንጠብቅ?

ቋንቋ ከሕዝብ ኑሮ የሚፈልቅ፣ ተመልሶም ያንኑ ኑሮ የሚያገለግል መሣሪያ ነው እያልን ስናስተምር ኖረናል። ካድሬው በመድረክ፣ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ደራሲው በመጽሐፉ መቅድም ይህን ሳይናገር የቀረ ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የምንናገረውና የምንሠራው ምን ያህል እንደተራራቀ ለማየት ከፈለግን ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጉናን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ በሚዘልቀው መንገድ ነፋስ መውጫ ድረስ መሄድ፣ ወይም ወደ እስቴና ወደ ስማዳ መታጠፍና በአንዱ የስብሰባ አዳራሽ ከኋላ ወንበር ላይ ጸጥ ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

እኔ የተቀመጥሁበት አዳራሽ ጋይንት ውስጥ ነበር። የስብሰባው ጉዳይ አዲሱ የዲጂታል መታወቂያና የግል መረጃ አጠባበቅ ሲሆን፣ ተሰብሳቢው ገሚሱ ገበሬ፣ ገሚሱ መምህርና የጤና ሠራተኛ፣ ጥቂቱም ተማሪ ነበር። ከከተማ የመጣው ወጣት አስረጂ ትሑትና ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን የምለው ነገሬ ከእርሱ ጋር አለመሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። በግድግዳው ላይ ጽሑፍና ሥዕል እያበራ ሲያብራራ ከቆየ በኋላ፣ «ስለዚህ ዳታ ሰብጀክቱ ኢንፎርምድ ኮንሰንት ካልሰጠ ፕራይቬሲው ቫዮሌት ተደረገ ይባላል» አለ። መምህራኑ በማስታወሻቸው ጻፉ። ገበሬዎቹ ዝም አሉ። በመጨረሻ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ልጄ፣ የተናገርኸው ደግ ነገር ይመስለኛል፤ ክፉም ከሆነ ግን ሳናውቀው አንሂድ። እስቲ በኛ ቋንቋ ድገምልን» አሉት። ወጣቱ አሰበ፤ አሰበና «ይቅርታ አባቴ፣ ይህ በአማርኛ ቃል የለውም» ሲል መለሰ። ሽማግሌውም «እንግዲያው ለኛ የመጣ ነገር አይደለም» ብለው ተቀመጡ።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው «በአማርኛ ቃል የለውም» በምትለው በዚያች አባባል ላይ ነው። አባባሏ ሐሰት ናት። ሐሰት ብቻ ብትሆን ኖሮ ባላስቸገረች፤ ነገር ግን ሽማግሌው የሰጡትን ፍርድ ልብ ማለት ያሻል። ቃሉ የእኛ ካልሆነ መብቱም የእኛ አይደለም አሉ። በአስተሳሰባቸው ላይ አንዳች ስሕተት አላገኘሁበትም። ስሕተቱ ያለው ከእኛ በተሰጣቸው መነሻ ላይ ነው።

ነገሩ የመዝገበ ቃላት ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚከራከሩበት ጉዳይ አለመሆኑን አስቀድሞ መናገር ይገባል። በ2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ። «ፋይዳ» የተባለውን መታወቂያ ለማግኘት የሚቀርብ ሰው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የዓይኑን ብሌንና የፊቱን ምስል ይሰጣል፤ በምትኩም ባለ 12 አኃዝ መለያ ቁጥር ይቀበላል። ከዚያ ቀደም ብሎ በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የሰውየውን ገንዘብ ከመቀነቱ አውጥቶ በስልኩ ውስጥ አስቀምጦለት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ጸደቀ። አያቱ ለመንግሥት የሚሰጡት ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስምና ግብራቸውን ነበር፤ የዛሬው የስማዳ ገበሬ ግን ጣቱንና ዓይኑን ይሰጣል። የመታወቂያ ወረቀት ቢጠፋ በሌላ ወረቀት ይተካል፤ ጣት ግን በሌላ ጣት አይተካም። ይህን ያህል ነገር የሚጠየቅ ሰው የተጠየቀበትን ቃል ሳይረዳ «እሺ» ቢል እሺታው ምን ዋጋ አለው? አዋጁ ራሱ ፈቃድ ማለት ሰው በነፃነትና ነገሩን አውቆ የሚሰጠው መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ባልታወቀ ቃል ፈቃድ መጠየቅ የአቀራረብ ጉድለት ነው ተብሎ የሚታለፍ ሳይሆን ራሱን ሕጉን ከመጣስ የሚቆጠር ነው ብዬ እከራከራለሁ።

በሕግ በኩል ደግሞ አማርኛ እንግዳ አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 3 ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲታተም፣ ሁለቱ ቢለያዩ ግን የአማርኛው የበላይነት እንዲኖረው አዟል። ዳኛው የሚፈርደው በአማርኛው ነው ማለት ነው። ታዲያ የበላይ ነው የተባለው የአማርኛ አዋጅ ገና በርእሱ ላይ «ዳታ» የሚል ቃል ተሸክሞ ሲወጣ ማን ለማን የበላይ ሆነ? የቃሉ ታሪክም ያስገርማል። ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የተሰጡ ነገሮች» ማለት ነው። ሰው ሳያውቅ ከእርሱ የሚለቀመውን ሁሉ፣ የሄደበትን መንገድ፣ የደወለበትን ሰዓት፣ ዓይኑን ጥሎ የቆየበትን ሥዕል «የተሰጠ» ብሎ መጥራት፣ ሽፍታ የቀማውን በቅሎ እጅ መንሻ ብሎ እንደ መጥራት ይቆጠራል። «መረጃ» የሚለው ቃላችን የስለላ ጠረን አለበት የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ ስለ መረጃና ደኅንነት ብዙ የሰማ ሕዝብ ቃሉን ይፈራዋል ይላሉ። ቢፈራው ምን ይጎዳል? ስለ እርሱ የሚሰበሰበውን ነገር በጥንቃቄ እንዲሰጥ አይደለም ወይ ሕጉ የወጣው?

ይህ ሁሉ አዲስ ሐሳብ ስለሆነ ቃሉም አዲስ መሆን አለበት የሚሉ አሉ። አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ቢሆንም፣ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች «ቃል የለውም» ብለው እጃቸውን አላጠፉም። ቁጥር 27 በመሠረቱ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቁጥር 31 በምሥጢር የተጻፈ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ያለ ጸሐፊው ፈቃድ ይዘቱን እንዳይገልጥ ያዛል። ቁጥር 1682 ደግሞ ዝም ማለት እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ያስረዳል። ፌስቡክ ከመፈጠሩ ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ እነዚህ ሦስት ድንጋጌዎች በአማርኛ ተጽፈው ነበር። ሦስቱን አንድ ላይ አኑሮ ለጋይንቱ ሽማግሌ ማንበብ ቢቻል፣ ያ ወጣት ግማሽ ቀን የደከመበት ትምህርት በሩብ ሰዓት ባለቀ ነበር።

ከመጻሕፍት ወጥተን ወደ ሰፈር እንግባ። በእስቴም ሆነ በስማዳ «ገመና» የሚለውን ቃል የማያውቅ ልጅ የለም። በቤት ውስጥ ጓዳ የሚለየው ለገመና ነው። እንግዳ ሲገባ የባልና የሚስት ጠብ የሚታፈነው ለገመና ነው። የጎረቤቱ ጎተራ መንጠፉን እያወቀ እንዳላየ የሚያልፍ፣ ማታ ግን በልጅ እጅ ቁና እህል የሚልክ ሰው ገመና ሸፋኝ ተብሎ ይመሰገናል። ይህን የመሰለ ቃል ይዘን «ፕራይቬሲ» ፍለጋ ባሕር የምንሻገርበት ምክንያት አይገባኝም። በአንጻሩ የሚቆሙት ወገኖች «ገመና የሚያመለክተው ነውርን ነው፤ የመታወቂያ ቁጥር ደግሞ ነውር አይደለም» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ በጓዳ ያለው የዱቄት ዕቃ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው? ሆኖም እንግዳ ክዳኑን ከፍቶ አያይም። ገመና ማለት የሚያሳፍረው ብቻ ሳይሆን ለሰው ዓይን ያልቀረበው ሁሉ ነው። ለቁጥሩና ለአሻራው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የተጠቀመበት «የግል» የሚለው ቃል ይበቃል። «ግላዊነት» የሚሉትን ግን፣ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ፣ ከቢሮ ውጭ በማንም አፍ ሲነገር አልሰማሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልወድም። የሀገር ቤትን ኑሮ የገመና ጠባቂ ብቻ አድርጎ ማሞገስ ለእውነት አይስማማም። ሌባ ለማግኘት መንደሩ ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ እርስ በርሱ እንዲናገር የሚገደድበት አውጫጭኝ የእኛው ሥርዓት ነበር። ስለላን የሚያመለክተውን «ጆሮ ጠቢ» የሚለውን ቃል ያወጣነውም እኛው ነን። ነገር ግን ይኸው ለክርክሬ ይረዳኛል። ሕዝቡ ጠባቂውንም ጠቢውንም በስማቸው ያውቃቸዋል።

ከሁሉ የከበደው ቃል «ፈቃድ» ነው። ገበሬው ይህን ቃል የሚያውቀው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የግንባታ ፈቃድ ሁሉ ከቢሮ ይወጣል፤ ደጅ ጠንቶ የሚቀበለው እርሱ ነው። ከዚያም በላይ የእግዚአብሔር ፈቃድ አለ፤ እርሱም ከላይ ነው። በዚህ ምክንያት ለአንድ የገጠር ሰው «ፈቃድዎን ይስጡ» ሲባል ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ፈቃድ ተቀባይ እንጂ ፈቃድ ሰጪ ሆኖ አያውቅምና። የአዲሱ አዋጅ ትልቅነት በእኔ አስተያየት ከዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ቆሞ እንዲጠይቅ፣ ገበሬው ተቀምጦ እንዲመልስ ሊያደርግ ተነሥቷል። በቢሮና በገበሬ መካከል ይህን የመሰለ መገለባበጥ በየቀኑ የሚገኝ አይደለም። «ኮንሰንት» ስንል ግን መገለባበጡ ይሸፈናል፤ ሰውየው በብዙ ቅጾች ላይ አንድ ተጨማሪ ቅጽ የሞላ ይመስለዋል። «ፈቃድ» ስንል ወዲያው «እምቢ ብልስ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አስረጂው ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ መምጣት አለበት። «እምቢ ቢሉ ይህ ይቀርብዎታል፤ ያኛው ግን አይቀርብዎትም፤ ዛሬ ፈቅደው ነገ ሐሳብዎን ቢለውጡ ደግሞ እንዲህ ያደርጋሉ» ብሎ መዘርዘር አለበት። ባዕዱ ቃል በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የሚወደደው ይህ ጥያቄ እንዳይነሣ ይሆን? እጠረጥራለሁ።

«እሺ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። በእነዚህ ወረዳዎች ያደገ ሰው ለትልቅ ሰው፣ ለእንግዳና ለሹም «እሺ» የሚለው ከጨዋነት የተነሣ ነው፤ ትርጉሙም «ሰማሁ» ከማለት አያልፍም። «ይሁን» ሲል ደስ ሳይለው መቀበሉን ይገልጣል። «ፈቅጃለሁ» እስኪል ድረስ ገና ብዙ መንገድ አለ። ይህን ልዩነት የጋይንት እናት ለልጇ ሳታስተምር የምታስተላልፈው ሲሆን፣ መዝጋቢው ግን ሦስቱንም በአንድ ምልክት አጠቃልሎ «ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል። አማርኛ ቃል አጣ ተብሎ የሚከሰሰው፣ ሦስት ቃል አቅርቦ አንዱም ሳይሰማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ «ጠለፋ» ልለፍ፤ ከዚህ ቃል በላይ ነገሩን የሚያስረዳ አላገኘሁምና። ስልክ ተጠለፈ፣ የፌስቡክ ገጹ ተጠለፈ ይባላል፤ ይህን ከተሜውም ገበሬውም ያለ አስተማሪ ይናገረዋል። ቃሉ ከየት እንደመጣ ግን እናውቃለን። ከገበያ ስትመለስ ወይም ውኃ ቀድታ ስትወጣ በጎረምሶች የተነጠቀች ልጅ ተጠለፈች ይባላል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ቤተሰብ «አንዴ ሆኗል» ብሎ ይታረቃል፤ በመጨረሻም ልጅቷ ትጠየቃለች፤ አንገቷን ትደፋለች፤ ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ትቶለት ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘጋ፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ከቅጣት እንደማያድን ደነገገ። በመካከሉ የ47 ዓመት ርቀት አለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ሴት ልጅ አንገቷን እንደደፋች የሚቆጥር የለም።

ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሕዝብ ፊት ቆሞ የስልክ መተግበሪያን ነገር ማስረዳት እንዴት ይከብዳል? አስቀድሞ ወስዶ በኋላ የሚያስፈርም ጠላፊ ነው። በረጅም የባዕድ ቋንቋ ጽሑፍ ሥር «እስማማለሁ» የምትል አንዲት ቁልፍ አኑሮ፣ ሳይነኳት ማለፍ እንዳይቻል የሚያደርግ፣ አንገት መድፋትን ፈቃድ ብሎ የሚቆጥር ነው። ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ሰው በስልኩ የመዘገባቸውን የዘመድ አዝማድ ቁጥሮች እንዲያይ ለመተግበሪያው ሲፈቅድለት፣ የአጎቱን፣ የአበልጁን፣ የነፍስ አባቱን ቁጥር ሳይጠይቃቸው አሳልፎ ሰጠ። አባት ልጁን ሳይጠይቅ «ሰጥቻለሁ» ይል እንደነበረው ያለ ነገር ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለቱን ተጋቢዎች የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የአባት ፈቃድ የልጅቷን እንደማይተካ በገጠር ለማስረዳት የደከሙ መምህራንና የሴቶች ጉዳይ ሠራተኞች ይህን ትምህርት በሚገባ ያውቁታል። ሳያውቁት ስለ ዲጂታል ዓለም አስተምረዋል። ልዩነቱ ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ አለማስተማራቸው ነው።

የተሰበሰበውን መረጃ ስለሚይዘው ወገን ደግሞ ብዙ ማለት አያስፈልግም። «አደራ» የሚል ቃል አለን፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የያዘውን የሚጠብቅ አደራ ተቀባይ፣ ለሌላ የሚሸጥ አደራ በላ ነው። አደራ በላ የተባለ ሰው በእነዚህ አገሮች ለልጁ ሚስት እንደማያገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«ዓለም የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቴክኖሎጂውም የእነርሱ ነው» የሚለው ክርክር ሁልጊዜ ይቀርባል። በመጀመሪያ፣ እንግሊዝኛም ይህን ቃል ተዘጋጅቶ አላገኘውም። በ1890 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉ ሁለት የቦስተን ጠበቆች የጋዜጦች ወሬ አነፍናፊነትና የፎቶግራፍ መሣሪያ ያመጣው መዳፈር ቢያስቸግራቸው፣ በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ሰው ሳይነካ ለብቻው የመተው መብት አለው ብለው ተከራከሩ። በጊዜው የነበረውን የቤት ቃል አንሥተው የሕግ ሸክም አሸከሙት። ሁለተኛ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ከ2018 ጀምሮ የሠራበት የግል መረጃ ሕግ የፈቃድ ጥያቄ ግልጽና ቀላል በሆነ ቋንቋ እንዲቀርብ ያዛል፤ ሕጉም በኅብረቱ ቋንቋዎች ሁሉ ታትሟል። ከእነዚህ አንዱ የማልታ ቋንቋ ነው። የማልታ ቋንቋ እንደ አማርኛ የሴም ዘር ሲሆን፣ የሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ነው። ግማሽ ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት ደሴት በቋንቋዋ ስትጠየቅ አማርኛ ተናጋሪው የማይጠየቅበት፣ እንዲሁም ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሲዳምኛና ትግርኛ ተናጋሪው በየቋንቋው የማይጠየቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላም ማስረጃ በእጃችን አለ። ነጋዴው ደንበኛ ሲሻ ቋንቋችን አልጠበበውም። በስልክ ብድርና ቁጠባ ሲመጣ «መላ»፣ «እንደኪሴ»፣ «ሳንዱቅ» የሚሉ ስሞች ተገኙለት፤ መታወቂያውም «ፋይዳ» ተባለ። ውብ ስሞች ናቸው፤ ያወጣቸው ሰው ጆሮ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ስጦታው በአማርኛ፣ ግዴታው በእንግሊዝኛ መሆኑን እንዴት እንየው? ለማማለል የበቃ ቋንቋ ለማስጠንቀቅ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም።

በሌላው ጫፍ የቆሙትን ሳልነካ ባልፍ አድሎ ይሆናል። እነዚህ እንግሊዝኛን ጠልተው፣ ከግእዝ ግስ ሥር ቆፍረው ማንም የማያውቀውን ቃል አውጥተው የሚያስታጥቁን ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት በወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የተነሣ «አርካቦት» ከተባለ ቃል ጋር ተዋወቅን። አዋጁ የገበሬውን ዘርና ባህላዊ መድኃኒት ሌላው ያለ ማኅበረሰቡ ፈቃድ እንዳይወስድ የሚከላከል፣ እጅግ አስፈላጊ አዋጅ ነው። ነገር ግን የዘሩ ባለቤት የሆነ የእስቴ ገበሬ «አርካቦት» ሲባል የምን አገር እህል እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ወዛደር»፣ «ርዕዮተ ዓለም»፣ «ንቃተ ኅሊና» የሚሉ ቃላት በብዛት ተቀርጸው ነበር። የፖለቲካውን ፍርድ ለታሪክ ሰዎች እንተወውና፣ ከቃላቱ ገሚሱ በሕዝብ አፍ ገብቶ ቀርቷል፤ ገሚሱ ከመድረኩ ጋር አብሮ ወርዷል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ 15 ቋንቋዎች የተስፋፋው፣ ሰው የሚማርበት ፊደል በአፉ የሚናገረውን ካልጻፈለት ትምህርቱ እንደማይገባው ስለታወቀ ነው።

ጋይንት ለዚህ ጥሩ ሥርዓት አላት። በሌላ ቦታ ድጓ ተምሮ የጨረሰ መሪጌታ መምህር ነኝ ለማለት ቤተልሔም መጥቶ መመስከር ይጠበቅበት ነበር። ዜማው ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው እዚያ ነው። ሕግ አርቃቂዎቻችንም እንዲሁ ቢያደርጉ ምን ይጎዳል? አንድ ቃል ወደ ነጋሪት ጋዜጣ ከመግባቱ በፊት ነፋስ መውጫ ገበያ ውሎ፣ ወገዳ አድሮ፣ መካነ ኢየሱስ ሰንብቶ ይመስክር። ሦስት ገበሬና ሁለት ባልቴት ተጠይቀው «ይህ ማለት እንዲህ ማለት ነው» ብለው በራሳቸው ቃል ከመለሱት ይለፍ። ካልመለሱት ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለስ።

ለመምህራን የምለው አጭር ነው። እንግሊዝኛ አይማሩ አላልሁም፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩበት ቋንቋ እርሱ ነውና ያለ እርሱ የትም አይደርሱም። ቃሉን ስናስጠና ግን ትርጉሙን በሌላ የእንግሊዝኛ ቃል አስጽፈን አንለፍ። ተማሪው ማን ወሰደ? ለማን ሰጠ? እስከ መቼ ይይዘዋል? እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ? ብሎ በአማርኛ ይጠይቅ። እነዚህን አራት ጥያቄዎች የሚጠይቅ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ቢረሳ እንኳ ማንም አያታልለውም። ቃሉን ይዞ ጥያቄዎቹን የማያውቅ ልጅ ግን ነገ ለአስረጂነት ይላክና «በአማርኛ ቃል የለውም» ይላል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሌሎች ነው። ይህን መጽሔት የምናዘጋጅና የምናነብ የኪነ ጥበብ ሰዎችስ? አዝማሪውን በጠጅ ቤት ቀርጸን ድምፁን ወስደናል። በሠርግ የዘፈነችውን ልጅ ለበዓል ትርኢት ፊልም አንሥተን ስሟን እንኳ አልጻፍንም። «የሕዝብ ሀብት ነው» እንላለን። ሕዝብ ስንል ግን ፊት ያላት አንዲት ልጅ መሆኗን እንረሳለን። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው በእጁ መቅረጫ ይዟል፤ ለቅሶ ቤት የተወረደ ሙሾ ሰልስቱ ሳይወጣ በቲክቶክ ይታያል። ልጆቹ ከማን ተማሩት? ያለ ፈቃድ መቅረጽን ክብር አድርገን ያሳየናቸው እኛ ነን።

እኔም ከዓመታት በፊት እስቴ ውስጥ በአንድ ለቅሶ ቤት አንዲት ሴት ለወንድሟ ያወረደችውን ሙሾ ቀርጬ ነበር። ግጥሙ ከሰማኋቸው ሁሉ የበለጠ ስለነበረ ለተማሪዎች አሰማሁት፤ በአንድ ጉባኤም ላይ ጠቀስሁት። ባለፈው ክረምት ወደዚያው አካባቢ ስሄድ ፈልጌ አገኘኋትና፣ ዘግይቼም ቢሆን፣ ለሌሎች ማሰማቱን ትፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ድምፅዋን በስልኬ ከፍቼ አሰማኋት። እስኪያልቅ ሰማችውና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ፣ «እኔ ያለቀስሁት ለወንድሜ ነበር» አለችኝ። ይህ እሺታ ይሁን እምቢታ ደግሜ ልጠይቃት አልደፈርሁም። ቅጂው አሁንም በእጄ ነው፤ ለማንም አላሰማሁትም።